ዩዋን ፕላስ ወይስ አይዲ 4? መሃል አዲስ አበባ ለሚያድር መኪና

የካዛንቺስ_ልጅ
ሰላም ለዚህ ቤት። ምርጫዬን ወደ ሁለት የኤሌክትሪክ መኪና አውርጃለሁ። አንዱ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ነው፣ ባትሪው 60.48 ኪሎዋት ሰዓት። ሌላው ቮልስዋገን አይዲ 4 ክሮዝ፣ ባትሪው 84.8። ሁለቱም ለቻይና ገበያ የተመረቱ የ2023 ሞዴሎች ናቸው፤ ትንሽ ተነድተዋል። መኪናው የሚያድረው ካዛንቺስ አፓርታማ ምድር ቤት ነው፤ የራሴ ቦታ አለኝ፣ ሶኬት ግን የለውም። መስመሬ አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ሜክሲኮ ሲሆን በቀን ከ40 ኪሎሜትር አይበልጥም። አልፎ አልፎ አዳማና ደብረ ብርሃን አለ። አራት ሰው እንሆናለን። «ጀርመን ይሻላል»፣ «ቻይና ያዋጣል» የሚለውን ሰምቼ ጠግቤያለሁ፤ ምክንያትና ቁጥር ያለው ሐሳብ ስጡኝ።

ቆጣሪና_ብሬከር
የካዛንቺሱ፣ መኪናውን ከመምረጥህ በፊት የምትሞላበትን ነገር ጨርስ። ለዕለት ጉዞህ ሁለቱም ብዙ አይጠይቁም። 40 ኪሎሜትር በከተማ ትራፊክ ዩዋን ፕላስ 6 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይበላል፣ አይዲ 4 ደግሞ ወደ 7። በ10 አምፔር የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ220 ቮልት 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል፤ የሚባክነውን ጨምረህ የቀኑን ከሶስት እስከ አራት ሰዓት ውስጥ ትመልሳለህ። 7 ኪሎዋት የሚሰጥ ትልቅ ቻርጀር የሚያስፈልግህ ከአዳማ ባዶ ባትሪ ይዘህ ገብተህ ጠዋት ሙሉ እንዲሆን ስትፈልግ ነው። 48 ኪሎዋት ሰዓት ለመመለስ በትንሹ ቻርጀር ከ24 ሰዓት በላይ፣ በትልቁ ስምንት ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

አሁን ገመዱ። ከቆጣሪህ እስከ ፓርኪንጉ ያለውን ርቀት ለካ። ለ16 አምፔር ባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ገመድ፤ ለ32 አምፔር (ለ7 ኪሎዋቱ) እስከ 30 ሜትር ድረስ ባለ 6፣ ከዚያ ከራቀ ባለ 10። ብሬከሩ ለመጀመሪያው 20 አምፔር፣ ለሁለተኛው 40። ከሱ ጋር ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈተልክ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ የኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር ግድ ነው። ተራ የግድግዳ ሶኬት አትጠቀም። 16 አምፔር ተብሎ ቢጻፍበትም ሌሊቱን ሙሉ ያለ እረፍት ሲጎተትበት እግሩ ይግላል፣ ቀስ በቀስ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ሰማያዊውን የኢንዱስትሪ ሶኬት አስገባ። በግድ ተራ ሶኬት ላይ ከዋልክ ቻርጀሩን ወደ 10 ወይም 8 አምፔር ዝቅ አድርገው።

ዋናው ነገር ኧርዝ ነው፣ ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት መስመር። ብዙ አሮጌ ቤትና አንዳንድ ፎቅ ትክክለኛ ኧርዝ የለውም። ቻርጀሩ ኧርዝ ካላገኘ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። ያኔ አንዳንድ ሠራተኛ ሶኬቱን ይፈታና ኒውትራሉን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ ሽቦ) ከኧርዙ ጋር በቁራጭ ሽቦ ያገናኘዋል፤ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ መኪናውም መሙላት ይጀምራል። ይህን በፍጹም አታስደርግ! ኒውትራሉ ውጭ ምሰሶው ላይ ቢበጠስ የመኪናው ቆርቆሮ በሙሉ 220 ቮልት ይዞ ይቆማል፤ መጀመሪያ በሩን የነካ ሰው ይመታል። አፓርታማ ከሆነ ከሕንፃው ዋና የኧርዝ ባር ላይ በራሱ ገመድ ይወረድልህ፤ ግቢ ላላቸው የመዳብ ዘንግ ተተክሎ በመለኪያ ከ10 ኦም በታች መሆኑ ይረጋገጥ። እስኪ የሕንፃውን ቦርድ ፎቶ አንሳና ለጥፈው።

ሴል_በሴል
ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ ወደ ባትሪው ልግባ፣ ምክንያቱም ሁለቱን የሚለያቸው ትልቁ ነገር እዚያ ነው።

የዩዋን ፕላስ ብሌድ ባትሪ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። አይዲ 4 ውስጥ ያለው ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ለክብደቱ የሚይዘው ኃይል ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ሙቀትንና መቶ በመቶ መሞላትን በደንብ ይችላል። ሁለተኛው በትንሽ ቦታ ብዙ ኃይል ይይዛል፤ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ መቆምን ግን አይወድም።

ይህ የአያያዝ ልዩነት ያመጣል። አይዲ 4ን በስክሪኑ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም አድርገው፤ 100 የምታደርሰው ረጅም መንገድ በምትወጣበት ዋዜማ ነው። ዩዋን ፕላስን ግን በሳምንት አንዴ እስከ 100 ሙላው። የፎስፌት ባትሪ ቮልቴጅ ከ30 እስከ 80 በመቶ ድረስ ብዙም አይለዋወጥም፤ ስለዚህ የመኪናው ኮምፒውተር ስንት እንደቀረ በትክክል የሚያውቀው ጫፍ ሲነካ ነው። ለወራት 100 ሳይነካ የቆየ ዩዋን 15 በመቶ እያሳየ ድንገት ወደ 5 ሊወርድ ይችላል። ባትሪው ተበላሽቶ ሳይሆን ቆጠራው ስቶ ነው።

በቻይናው መለኪያ ዩዋን ፕላስ 510 ኪሎሜትር ይሄዳል ይባላል፤ በአውሮፓው መለኪያ ያው ባትሪ 420 ነው። አንተ የአውሮፓውን ያዝ፣ ለመንገድ ደግሞ ከሱ ላይ ቀንስ። ደብረ ብርሃን ደርሶ መልስ 260 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ በአስፋልት ፍጥነት 45 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ትፈልጋለህ። ዩዋን ሞልተህ ከወጣህ ይመልስሃል፣ ግን እዚያ ከተማ ውስጥ ብዙ ከዞርክ ዓይንህ መቶኛው ላይ ይሆናል። አይዲ 4 ምንም ሳያስጨንቅህ ትመለሳለህ።

አዳማ ሌላ ነገር አለው። ስትሄድ ቁልቁለት፣ ስትመለስ ዳገት ነው፤ የከፍታው ልዩነት ወደ 700 ሜትር ይደርሳል። ሰው የጫነ ዩዋን ያን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጨምራል፣ አይዲ 4 ወደ 5። ስለዚህ አዳማ ስትደርስ «ግማሽ አልጨረስኩም» ብለህ የመመለሻውን በመሄጃው አትለካ።

የካዛንቺስ_ልጅ
ተባረኩ። ቦርዱን ነገ ፎቶ አነሳለሁ። እስካሁን የሰማሁት ወደ አይዲ 4 ያዘነብላል። ጎማና ከሥር ያለውን የሚያውቅ አለ?

ጎማና_ቸርኬ
አለ። እዚህ ላይ ሚዛኑ ይዞራል።

አይዲ 4 የፊትና የኋላ ጎማው ልዩ ልዩ ነው። ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ከሆነ ፊት 235/50፣ ኋላ 255/45። ሲበላ ፊትና ኋላ አታዟዙረውም፤ አራት አንድ ዓይነት ገዝቶ መገላገል የለም፣ ሁለት ሁለት ነው የምትገዛው። ሞተሩ ኋላ ስለሆነ የኋላው ቀድሞ ያልቃል። ዩዋን ፕላስ ባለ 18 ቸርኬ ከሆነ አራቱም 215/55 ናቸው። አዟዙረህ እኩል ትጨርሳቸዋለህ፤ ዋጋውም ከ255ቱ ጋር አይወዳደርም። ከመክፈልህ በፊት ሶማሌ ተራና ጎማ ተራ ሄደህ ሁለቱንም ቁጥር ጠይቅ፤ የዛሬው ዋጋ ብቻ ሳይሆን «አሁን አለ ወይ?» የሚለው መልስ ራሱ ይለያያል።

ስኮርታ በሁለቱም የለም፤ ማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ ፓምፕ ነው ያለው። ኮብልስቶን ጠርዝ የጎማውን ጎን ሲቀደው ፈሳሹ አያድንም። ለዩዋን አንድ ትርፍ ቸርኬ ከነጎማው ገዝተህ ኋላ ብትጥል ለአራቱም ቦታ ይሆናል፤ ቡሎኑ አምስት ቀዳዳ፣ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ 114.3 ሚሊሜትር ነው። የአይዲ 4 አምስት ቀዳዳ፣ 112። ለአይዲ 4 የፊቱን ልክ ግዛ፤ የዙሪያው ቁመት ከኋላው ጋር ስለሚቀራረብ ቀስ ብለህ እስከ ጎሚስታ ያደርስሃል፣ ከዚያ ግን አትንዳበት።

ከሥር ሁለቱም ሙሉ ወለላቸው ባትሪ ነው። ልዩነቱ የማቀዝቀዣው ቦታ ነው። በአይዲ 4 የማቀዝቀዣው ሳህን ከሴሎቹ በታች ነው ያለው፣ ከሱ በታች መከላከያ አልሙኒየም አለ። በዩዋን ፕላስ ማቀዝቀዣው ከላይ ነው። ጉብታ ላይ ሆዱን የመታ አይዲ 4 ካጋጠመህ መከላከያው ተፈትቶ የላይኛው ሳህን ይታይ፤ መከላከያውን ብቻ አይተህ አትለፍ። የማቀዝቀዣው ውሃ መጠንም በማጠራቀሚያው ላይ በሁለቱ መስመሮች መሃል መሆን አለበት። ሐምራዊው የቮልስ ፈሳሽ እንጂ የቧንቧ ውሃ አይጨመርበትም።

ሊፍት ላይ ሲወጣ ክሪኩ ከጎን ባለው የተጠናከረ ነጥብ ላይ ብቻ፣ በላስቲክ። ባትሪው ላይ ክሪክ ያስቀመጠ ጎሚስታ ጋ ካየህ መኪናህን ይዘህ ውጣ።

ሴል_በሴል
@ጎማና_ቸርኬ፣ በጎማው እስማማለሁ፤ ግን መሃል ከተማ ለሚነዳ የመታጠፊያ ስፋትም ይቆጠራል። አይዲ 4 ፊት ሞተር ስለሌለው ጎማው በደንብ ይታጠፋል፤ የመዞሪያ ዲያሜትሩ 10.2 ሜትር ነው፣ የዩዋን 10.7። አይዲ 4 ከፊት እስከ ኋላ ይረዝማል፣ በጠባብ ምድር ቤት ግን ቀሎ ይዞራል። ያንን የፓርኪንግ መውረጃ በሁለቱም ሞክሩት።

ጎማና_ቸርኬ
እሱስ እውነት ነው። ክብደቱን ግን አትርሳ፦ ትልቁ ባትሪ ያለው አይዲ 4 ከ2.1 ቶን በላይ ነው፤ ዩዋን ከ1.7 ቶን እምብዛም አያልፍም። ያ ልዩነት በየጉድጓዱ ጎማ፣ ኳስና ኩሽኔታ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሽቅብ_ሽሮሜዳ
አንድ ጥያቄ ላስገባ። የአይዲ 4 የኋላ ፍሬን ታምቡር ነው ይላሉ። ከእንጦጦ ሥር ቁልቁል ለሚወርድ ሰው አያሰጋም? ዩዋን አራቱም ዲስክ ነው።

ቆጣሪና_ብሬከር
ልክ ነህ፣ ታምቡር ነው፤ ግን አያሰጋም። ቁልቁለት ላይ አብዛኛውን የሚይዘው ሞተሩ ነው፣ እየያዘም ባትሪ ይሞላል። የፍሬን ሸራው የሚሠራው ትንሽ ስለሆነ ዝግ የሆነው ታምቡር ከዝገትና ከአቧራ ተጠብቆ ረጅም ጊዜ ይቆያል። የሚያሰጋው ሌላ ነው፦ ላይ ሰፈር የሚኖር ሰው ባትሪውን 100 አድርጎ ጠዋት ቁልቁል ሲወርድ ባትሪው የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ ሞተሩ መያዝ ያቆማል፣ ሁሉም በፍሬን ሸራ ይሆናል። ሽሮሜዳ ከሆንክ ከ90 አትለፍ። ዩዋን ለሳምንቱ 100 የሚሞላ ከሆነ ታች ስትውል ሙላው።

ጋሽ_ሻንሲ
ልጆች፣ ስለ መኪናው ጥሩ ተነጋግራችኋል። ወረቀቱንና የሻንሲ ቁጥሩን ግን ማንም አላነሳም።

የሻንሲ ቁጥሩን ሦስት ቦታ አስተያዩ፦ ፊት መስታወት ሥር፣ በር ምሰሶው ላይ ባለው ሳህን እና ዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ወረቀቱ) ላይ። ሊብሬ ካለው እሱም አራተኛ ነው። አይዲ 4 ክሮዝ በኤል ኤፍ ቪ ይጀምራል፤ በኤል ኤስ ቪ ከጀመረ አይዲ 4 ኤክስ የሚባለው፣ የሌላው የቻይና አጋር ፋብሪካ ምርት ነው። ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉ፣ ፓራውልታቸውና መብራታቸው ግን አይገጣጠምም፤ መለዋወጫ ስታዙ ይህን ካልለያችሁ ያልሆነ ዕቃ ይመጣባችኋል። አሥረኛው ፊደል የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፦ ኤን 2022፣ ፒ 2023፣ አር 2024። «2024 ነው» ተብሎ አሥረኛው ፒ ከሆነ ዋጋው ላይ ተነጋገሩ። የጎማው የምርት ሳምንትና ዓመትም ጎኑ ላይ በአራት አሃዝ ተጽፏል፤ ትንሽ የተነዳ በተባለ መኪና ላይ ከመኪናው በኋላ የተመረተ ጎማ ካያችሁ ለምን እንደተቀየረ ጠይቁ።

ሁለቱም የጥሪ ታሪክ አላቸው፤ ጥሪ ማለት ፋብሪካው ችግር ያለበትን መኪና ለጥገና መልሶ ሲጠራ ነው። ቢዋይዲ በ2024 ቻይና ውስጥ ወደ 97 ሺህ የሚጠጉ ዶልፊንና ዩዋን ፕላስ ጠርቷል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 እስከ ታኅሣሥ 2023 የተመረቱ ሲሆኑ፣ ምክንያቱ በመሪው መቆጣጠሪያ ክፍል ላይ ያለ የአመራረት ችግር እሳት ሊያስነሳ መቻሉ ነው። 2023 ዩዋን የምትገዛ ከሆነ ልክ እዚያ ውስጥ ነህ። ጥገናው እንደተሠራለት ሻጩ በማስረጃ ያሳይህ፣ ካልቻለ መሪው ክፍል ይፈተሽ። ቮልስዋገንም በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ወደ 98 ሺህ አይዲ 4 የጠራው በሩ እጀታ ውስጥ ውሃ ገብቶ በሩ በራሱ ሊከፈት ስለሚችል ነው። የቻይናው ምርት በዚያ ጥሪ ውስጥ አይደለም፣ ግን እጀታው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ አራቱንም በር ታጥቦ እንደወጣ ሞክሩ።

የባንክ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ እንዳልሆነ ስም ከመዞሩ በፊት ይጣራ። ሙሉ የመድን ዋስትና ስትገቡም ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ ከሥር ተመትቶ የተጎዳ ባትሪ ይሸፈናል? በክረምት ጎርፍ የገባበትስ? ከነዳጅ መኪና ውል ላይ የተቀዳ ፖሊሲ ባትሪውን በስሙ ላያነሳው ይችላል፤ ባትሪው ደግሞ የመኪናውን ዋጋ ትልቅ ድርሻ የያዘ ነው።

የካዛንቺስ_ልጅ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የዩዋኑ አሥረኛ ፊደል ፒ ነው፤ የምርት ወሩን ነገ አያለሁ። የቻይና ፋብሪካ ዋስትና እዚህ ይሠራል የሚል ሻጭ አለ፣ ምን ይላሉ?

ጋሽ_ሻንሲ
በግለሰብ አስመጪ የገባ ከሆነ የቻይናው ዋስትና እዚያው ነው የሚቀረው። ሻጩ እዚህ የሚሰጥህን ዋስትና ብቻ ቁጠር፤ ባትሪና ሞተር በስማቸው፣ በወርና በኪሎሜትር ተጽፎ፣ ከነማኅተሙ። ጋራዡም ማን እንደሆነ ይጻፍ። ሠራተኛው 1000 ቮልት የሚችል ጓንት ከሌለውና ከፍተኛውን ቮልቴጅ ቆርጦ ሳይጠብቅ የሚፈታ ከሆነ መኪናህን አትስጠው።

ሦስት_ልጅ_ኋላ
ስለ ውስጡ ትንሽ ልጨምር። አይዲ 4 የሾፌሩ በር ላይ ለመስኮት ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፤ የኋላውን ለመክፈት መጀመሪያ ሌላ ቦታ ነክቶ መቀየር ያስፈልጋል። ሙቀትና ድምፅ የሚስተካከሉበት ቦታ ንክኪ ነው፣ በቀደሙት ምርቶች ማታ አይበራም። ዩዋን አራቱም ቁልፍ አለው። ኋላ ወንበርና ዕቃ መጫኛ ግን አይዲ 4 በግልጽ ይሰፋል፤ ሁለት የልጅ ወንበር መሃሉ ላይ ትልቅ ሰው ካስቀመጡ ዩዋን ይጠብባል። የስክሪኑን ቋንቋ ሻጩ ፊታችሁ ይቀይር፣ ስልካችሁንም በገመድ ሰክታችሁ ሞክሩ። ከቻይና ስልክ ቁጥር ጋር የተያያዘው አፕ እዚህ አይሠራም፤ «በስልክ ይቆለፋል» ለሚለው ብላችሁ አትጨምሩ።

ቆጣሪና_ብሬከር
ከስክሪኑ ጋር የሚሄድ ነገር ልጨምር። ምሽት ላይ ምጣድ ይጣዳል፤ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። 7 ኪሎዋት ቻርጀር አብሮት ከተከፈተ ነጠላ ፌዝ ቆጣሪ አይችለውም፣ ዋናው ብሬከር ይወርዳል። ስለዚህ መኪናው ራሱ ሰዓት ቆጥሮ እኩለ ሌሊት ላይ እንዲጀምር አድርግ። የቻይና መኪና ሰዓት በቤጂንግ ከሆነ ከኛ አምስት ሰዓት ይቀድማል፦ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እንዲጀምር ስክሪኑ ላይ 05:00 ትሞላለህ። 12:00 ብለህ ከሞላህ ጠዋት መኪናው ሳይሞላ ታገኘዋለህ። በዚያ ሰዓት ቮልቴጁም ይሻላል፤ ምሽት 180 ሲወርድ ቻርጀሩ እየቆረጠ እየጀመረ ያድራል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዩዋን ፕላስ ብልጫ አለው። በመሙያው በኩል በሚሰካ ልዩ ገመድ እስከ 3.3 ኪሎዋት ወደ ውጭ ይሰጣል። ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና ዋይፋይ አብረው ይሠሩበታል፤ ምጣድ አይሠራበትም። ገመዱ ከመኪናው ጋር መኖሩን ጠይቅ፣ ለብቻው ይሸጣልና። በግድግዳ ሶኬት በኩል ወደ ቤቱ መስመር አታስገባው፤ መብራት ኃይል መስመሩ ላይ የሚሠራ ሰው አለ፣ ይመታዋል።

ሴል_በሴል
የካዛንቺሱ፣ ፍርዴን ልስጥህ። ከተማው ውስጥ ለዚያ ርቀት፣ ኧርዝ ያለው ሶኬት ምድር ቤት ከወረደልህ፣ ዩዋን ፕላስ ውሰድ፤ የመሪው ጥሪ ጥገና ማስረጃ ካለው። የማትጠቀምበትን 24 ኪሎዋት ሰዓት በየቀኑ ተሸክመህ ጎማ አትጨርስ። ሶኬቱ ካልተፈቀደልህና በጣቢያ የምትሞላ ከሆነ ግን አይዲ 4 ያዋጣል፤ በሳምንት አንዴ ተሰልፈህ ትጨርሳለህ።

ሁለቱም ጂቢቲ የሚባለው የቻይና መሰኪያ ነው ያላቸው። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት የመረጥከውን መኪና ከሻጩ ጋር አንድ ፈጣን ጣቢያ ውሰደው። ባትሪው 30 በመቶ አካባቢ ሆኖ ይድረስ። ሰክተህ የጣቢያውን ስክሪን እይ፦ ጣቢያው ኃይሉን ለብዙ መኪና ካልከፈለው ዩዋን ወደ 80 ኪሎዋት፣ አይዲ 4 ወደ 100 ሊጠጋ ይገባል። 20 ወይም 30 ላይ ከቆመ ሌላ መሙያ ላይ ድገመው። እዚያም ካልጨመረ የባትሪውን ሙቀትና የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ በመመርመሪያ ያስነብቡህ፤ ትልቁና ትንሹ ሴል በሰፊው ከተራራቁ ዋጋ ቢቀንሱልህም ተወው።

የካዛንቺስ_ልጅ
ሻጩን አሁን ደወልኩለት። ቅዳሜ ጠዋት ቦሌ ጣቢያ ላይ እንገናኛለን፤ በ30 በመቶ እንዲያመጣው ነግሬዋለሁ። የቦርዱን ፎቶ ከዚያ በፊት እለጥፋለሁ።